ስልካችሁ የሚቆጥረው የልብ ምታችሁን ነው ወይስ የመብራቱን?



በቅርቡ አንዲት ወጣት ስልኳን እያሳየችኝ «ዶክተር፣ ልቤ ማታ ማታ 120 ነው የሚመታው» አለችኝ። (በፈቃዷ ነው የምጽፈው።) ሦስት ሳምንት ሙሉ በአፕ እየለካች ስክሪንሾቱን ሁሉ አስቀምጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ አክስቷ ከራሳቸው መድኃኒት ላይ የሰጧት ፕሮፕራኖሎል አለ። «ዛሬ ማታ ልጀምረው?»

ልጅቷ አስም አለባት! ፕሮፕራኖሎል የልብ ምት ይቀንሳል፤ አስም ያለበት ሰው ላይ ግን የአየር ቧንቧን አጥብቦ ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

እጇን ይዤ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 74። አፑን እዚያው አስከፈትኳት፤ 121 አለ። መብራቱን አጥፍቼ መጋረጃውን ከፈትኩና መስኮት ጋ ደግማ ለካች፤ 76። ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ግን ስለ ክኒኑ ሳስብ ደንግጬ ነበር።

አፑ የሚሠራው እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ምት ጣታችሁ ላይ ደም ሲሞላ በጣቱ አልፎ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ብርሃን ትንሽ ይቀንሳል፤ አፑ ይቺን ይቆጥራል። የእሷ ስልክ ፍላሹ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ የምትለካው በቤቱ መብራት ነበር። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ ፍሎረሰንትና ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይናችን አያየውም።

ካሜራ ደግሞ ብርሃኑን ያለማቋረጥ አያይም፤ በሴኮንድ 30 ገደማ ፎቶ ያነሳል፣ ጨለም ሲልበት ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። 24.5 ደረሰ እንበል። 24.5 በ4 ሲባዛ 98፣ መብራቱ 100፣ ልዩነቱ 2። ያቺ 2 ስልኩ ላይ በሴኮንድ ሁለቴ የሚመታ «ልብ» ሆና ትታያለች፤ በደቂቃ 120! ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር አይታችሁ የለ? ያው ነው። ኢንጂነሮች አሊያሲንግ ይሉታል።

ክፋቱ፣ አንዴ ከተቀዳ በኋላ ሐሰተኛዋ 2 ከእውነተኛዋ 2 አትለይም። አፑ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን ማጽዳት ይቸግረዋል፤ ማጽዳት ያለብን ከመቀዳቱ በፊት ነው። ሆስፒታል ያለው የኢሲጂ ማሽን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የልብን ኤሌክትሪክ ወደ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት በጣም ፈጣኑን ንዝረት በፊልተር ያስቀራል፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 500 ጊዜና ከዚያ በላይ ይለካል። ደንቡ ከሚያልፈው ፈጣኑ ምልክት ከእጥፍ በላይ መለካት ነው፤ ለአዋቂ እስከ 150 ኸርዝ ስለሚፈለግ 500 ይበቃዋል።

ስልክ ላይ ግን ፊልተሩ እናንተው ናችሁ። ፍላሹ የሚሠራ ከሆነ አብሩት፤ ጣታችሁ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፣ ግን አትጫኑት፣ ደሙ ይሸሻል። ከአምፖል ራቁ፤ የፀሐይ ብርሃን አይርገበገብም። አንዳንድ ስልኮች የካሜራ ሴቲንግ ላይ የመብራት መርገብገብ መከላከያ አላቸው፤ 50 ላይ አድርጉት። የእሷ ስልክ ከአሜሪካ የተላከላት ነው፣ 60 ላይ ነበር። እዚያ ያላችሁ ግን 60 ላይ ተዉት፣ ኤሌክትሪካችሁ 60 ኸርዝ ነው።

ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ በእጅ ቁጠሩ። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት ሥር አንጓ ላይ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። በእጅም እረፍት ላይ ሆናችሁ በተደጋጋሚ ከ100 በላይ ከሆነ ወይም ምቱ ከተዘበራረቀ ኢሲጂ ተነሱ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን አፑ 70 ቢልም ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ክኒኑን ለአክስቷ መልሳለች። አክስትየውም እንዲመጡ ነግሬያታለሁ፤ እሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።