ካርቡሬተር ሲያንጠባጥብ፦ ከመቀየሩ በፊት ምን ይታይ?

አሮጌ ሞተር ሳይክል በቆመበት ቤንዚን ማንጠባጠብ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ካርቡሬተሩ አልቋል፣ ይቀየር» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያለቀው ካርቡሬተሩ ሳይሆን በውስጡ ያለች፣ ከክብሪት እንጨት ያጠረች አንዲት መርፌ ናት። አንዳንዴ እሷም አላለቀችም፤ ቆሻሻ ገብቶባት ነው።

ቤንዚን ከሰልባትዮው በራሱ ክብደት ወርዶ ካርቡሬተሩ ግርጌ ወዳለችው ጽዋ ይገባል። ጽዋዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው አብሮ ይነሳና መርፌዋን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲጠጣ ደግሞ ወርዶ ይከፍታል። ሮቶ ውስጥ ውሃ ሲሞላ የሚዘጋው ኳስ የሚሠራው ይህንኑ ነው። መርፌዋ በደንብ ካልገጠመች ቤንዚኑ መውረዱን አያቆምም።

እንዳትገጥም የሚያደርጋት ምንድን ነው? ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድና በጀሪካን ከመንገድ ዳር የሚገዛው ቤንዚን ከነአቧራው፣ አንዳንዴም ከነውሃው ይቀዳል። ያረጀ ሰልባትዮ ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል፤ የዝገቱ ብናኝ በቱቦው ወርዶ መርፌዋ ሥር ያርፋል። ለዓይን የማትሞላ ቅንጣት ትበቃለች።

እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች እንዳይምታቱ። ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ ተብሎ የተለካ ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል። ይህ የከፍታ ጉዳይ እንጂ ማፍሰስ አይደለም። የአየር ቡሎኗን በማዞር የሚንጠባጠብ ቤንዚን አይቆምም። ለማርቆስ ተብሎ ከልክ በላይ የተቀነሰ ቤንዚንም ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ አባይ በረሃ ስትደርሱ ያንሳል፤ ሞተሩም ይግላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከየት እንደሚፈስ ይታወቅ። ካርቡሬተሩን በጨርቅ አድርቁ፤ ቤንዚኑን ክፈቱና ጠብቁ።

ከቀጭኗ የትርፍ ማስወጫ ቱቦ የሚወርድ ከሆነ ጽዋዋ ከልክ በላይ ሞልታለች፤ ጥፋቱ የመርፌዋ ወይም የተንሳፋፊው ነው። ጽዋዋና አካሉ በሚጋጠሙበት መስመር ከሆነ የጎማ ቀለበቷ ደርቃለች። ከግርጌ ካለችው ማፍሰሻ ቡሎን ከሆነ እሷን ማጥበቅ ወይም ቀለበቷን መቀየር ነው። ከላይ ከሆነ ደግሞ ከሰልባትዮው የሚመጣው ቱቦ ተሰንጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል።

ጥፋቱ የመርፌዋ ከሆነ ሥራው እንዲህ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ስለዚህ ደጅ ላይ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ሥሩ።

1. ቤንዚኑን ዝጉ። በካቻቢቴ እጀታ ጽዋዋን ቀስ አድርጋችሁ ኳ ኳ አድርጉና መልሳችሁ ክፈቱ። ቆሻሻው ተንሸራቶ ከወረደ መፍሰሱ ሊቆም ይችላል።

2. ካልቆመ ዝጉና በማፍሰሻዋ በኩል ጽዋዋ ውስጥ ያለውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል፤ ዝገት ካለም ይዘቅጣል።

3. ካርቡሬተሩን አውርዱ፤ የጽዋዋን ቡሎኖች ጫፉ ባልተበላ ካቻቢቴ ፍቱ። ተንሳፋፊውን የያዘችውን ዘንግ በኃይል አትምቱ፤ የተሸከሟት ጆሮዎች ስስ ስለሆኑ ይሰበራሉ።

4. ተንሳፋፊውን ጆሮ አጠገብ ነቅንቁ። ፈሳሽ ካንቦጫረቀ ተበስቷል። የመርፌዋን ሹል ጫፍ በጥፍር ዳስሱ፤ ዙሪያዋን ቀለበት መሳይ ስርጉድ ካላት መቀየር አለባት።

5. የመርፌዋን መቀመጫ በንጹሕ ቤንዚን እጠቡ፤ ተንሳፋፊው ከወጣ በኋላ በኮምፕሬሰር ንፉ። ቤንዚን የሚለኩትን የናስ ቀዳዳዎች በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ልካቸው ይሰፋል።

6. መርፌዋንና ተንሳፋፊውን መልሱ፤ ካርቡሬተሩን ገልብጣችሁ በመግቢያው ላይ በተሰካ ንጹሕ ቱቦ በአፍ ንፉ። የተንሳፋፊው ክብደት መርፌዋን ስለሚዘጋት ትንፋሽ ማለፍ የለበትም። ቀና ስታደርጉት ያልፋል። ተገልብጦም ካለፈ ጽዋዋን አትግጠሙ፤ ገና ነው።

7. የጎማ ቀለበቷን ቦታዋ ላይ አስተካክላችሁ ግጠሙ። ሲልኮን አትቀቡ፤ ቤንዚን ያፈርሰውና ፍርፋሪው ቀዳዳውን ይደፍናል።

ከማስነሣታችሁ በፊት የሞተሩን ዘይት አሽትቱ። ሲያፈስ ያደረ ቤንዚን በመምጠጫው በኩል ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ፎር ስትሮክ ላይ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም መጠኑ ከጨመረ ሳይቀየር አይነሣም፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አያድንም።

ዳግመኛ እንዳይደርስ ቱቦው ላይ ፊልትሮ ይኑር፤ ሞተሩ ሲቆም ቤንዚኑ ይዘጋ። ሰልባትዮው ከዛገ እሱ ካልጸዳ አዲስ መርፌም ብዙ አትቆይም።

ሙሉ ካርቡሬተር የሚገዛው አካሉ ሲሰነጠቅ፣ ወይም የማይነቀለው የመርፌ መቀመጫ ራሱ ሲበላ ነው። እስከዚያው መለዋወጫ ቤት የሚጠየቀው መርፌና የጎማ ቀለበት ነው፤ የተስማማውን ለማግኘት አሮጌዎቹን ይዞ መሄድ ይሻላል።