«ተበላሁ!»፦ ከቁማር ቤት እስከ መሥሪያ ቤት

ፈተና የወደቀ ተማሪ «ምን ሆንክ?» ቢሉት «ተበላሁ» ይላል። የደረጃ ዕድገት ጠብቆ ስሙን ከማስታወቂያው ሰሌዳ ያጣ ወጣት ጸሐፊም ቃሉ ይኸው ነው። ነገሩ የቁማር ነው፤ በካርታ ያሸነፈ «በላ» ይባላል፤ ገንዘቡን ያስረከበው ደግሞ «ተበላ»።

እንዲህ ያለው የአራዳ ልጆች አነጋገር ከሚያምርባቸው ሰፈሮች አንዱ ፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለልማት ተብሎ ፈረሰ፤ ቃሎቹ ግን ቀርተዋል። ያልሆነ ዙር «ፉርሽ» ነው ይባላል፤ ዛሬ የሠርግ ቀጠሮም የውጭ አገር ትምህርትም ፉርሽ ይሆናል። ካርታ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን የአገር ሥዕልም የይዞታ ማረጋገጫም ስሙ ያው ካርታ ነውና፥ ካርታውን በካርታ የተበላ ሰው አለ ቢባል ቋንቋችን አይከለክልም።

እኛን የሚያሳስበን «ወደቅሁ» እና «ተበላሁ» በተባሉት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የወደቀ ሰው በገዛ እግሩ የሄደ ነው። የተበላ ግን በላተኛ አለው፤ ስለዚህ ቃሉ ሰነፉን ከወቀሳ ያድነዋል። ፈረንሳዮች እንኳ ውድቀትን የሚጠሩበት ቃል ከሰንጠረዥ ጨዋታ የመጣ ቢሆንም፥ በሰንጠረዥ የተሸነፈ ሰው ዕድሉን ሊያማርር አይችልም።

ይሁን እንጂ በላተኛው በእርግጥ የሚኖርበት ጊዜ አለ። በየመንገዱ ሦስት ካርታ ዘርግቶ «ቀይዋን ያየ!» እያለ የሚጣራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አጠገቡ ቆሞ ገንዘብ የሚያፍሰው ሰው የራሱ አባሪ ነው፤ እንግዳው ከመጀመሪያውም የተበላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፥ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፥ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል መልስ ከሌላ ሰው ሲጠብቅ የነበረ አለ፤ በቅጡ የሚያስተምረው ሳያገኝ ያደገም አለ። ሁለቱም «ተበላሁ» ቢሉ ቃሉ አንድ ነው፤ እውነቱ ግን የተለያየ ነው።

ለሹማምንቱ የደረሰው ቃል ደግሞ «መበወዝ» ነው። ደህና ወንበር ላይ የነበረው ሰው ወደ ጥግ ሲወሰድ «ተበወዘ» ይባላል። በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ የበወዘው ሰው እጁ ይታያል፤ እንዳያጭበረብርም ዓይን ሁሉ በእርሱ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ግን «ተበወዝን» እንጂ «እገሌ በወዘን» ሲባል እምብዛም አንሰማም።