ከአንድ ድንጋይ ሥር ያለ ማኅበር

ስለ ጉንዳን ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በሰልፍ ወደሚጓዘው ገብረ ጉንዳን ነው። ብዛቱ ያስደንቃል፤ ንክሻውም አይረሳም። ይሁን እንጂ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላ፣ ከገብስ ማሳ ዳር አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀስ ብለን ብናነሣ ሌላ ዓይነት ኑሮ ልናይ እንችላለን። እዚያ ያሉት ጉንዳኖች ርዝመታቸው ከሁለት የጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ቁጥራቸውም መቶ ላይሞላ ይችላል።

እነዚህን ያየ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «የትልልቆቹ ልጆች ናቸው» ይላል። እኛም በልጅነታችን እንዲሁ እናምን ነበር፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ጉንዳን በመጠን የሚያድገው በእጭነቱ ዘመን ብቻ ነው። እግር አውጥቶ መሄድ ከጀመረ በኋላ አይጨምርም። ደቃቃው ጉንዳን በራሱ ዕድገቱን የጨረሰ ነው።

ታዲያ ማንነቱን በምን እንለያለን? ቀለምና መጠን ብቻቸውን ያሳስታሉ፤ በአንዳንድ ጎጆ የአንዲት ንግሥት ልጆች እንኳ በመጠን ይለያያሉ። መጀመሪያ ወገቡን እንይ፦ በደረቱና በሆዱ መካከል ያለው ጉብታ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ለዚህ የፀሐይን ብርሃን በ2.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚሰበስብ ሌንስ ይበቃል። ዓይናችን ሳይቸገር የሚያይበትን 25 ሴንቲ ሜትር ለ2.5 ብናካፍል፣ ሌንሱ 10 እጥፍ እንደሚያጎላ እንረዳለን። የአንቴናውን አንጓዎች መቁጠር ግን የማይክሮስኮፕ ሥራ ነው።

ከድንጋይ ሥር መኖሩም ምክንያት አለው። ርዝመቱ በግማሽ ያነሰ ጉንዳን የገላው ስፋት 1/4፣ ይዘቱ ግን 1/8 ይሆናል። ስለዚህ ከያዘው ውኃ አንጻር ትነት የሚወጣበት ገጽ እጥፍ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ፈጥኖ ይደርቃል። ድንጋዩ እርጥበት ያቆይለታል፤ ቀን የቀሰመውንም ሙቀት በደጋው ብርዳማ ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቅለታል።

የማኅበሩ ማነስ ለተመልካች በረከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማግዳሌና ሶርገርና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለ ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ማኅበር እንደሚመሠርት ገልጸዋል። ያንን ማን ቆጥሮ ይጨርሳል? በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናይጀል ፍራንክስና ቶም ሪቻርድሰን፣ በድንጋይ ስንጥቅ የሚኖሩትን የቴምኖቶራክስ ጉንዳኖች አንድ በአንድ ተከታትለው፣ ምግብ ያገኘችው ጉንዳን ሌላዋን መንገድ እንደምታስተምር አሳይተዋል። መሪዋ ወደ ፊት የምትቀጥለው ተከታይዋ በአንቴናዋ ስትነካት ነው።

ይህ በረከት ኃላፊነትም አለበት። ከገብረ ጉንዳን ሰልፍ ጥቂቶቹ ቢረገጡ ማኅበሩ ይቀጥላል። እዚህ ግን ንግሥቲቱ፣ እጮቹና ሠራተኞቹ በሙሉ ከአንድ ድንጋይ ሥር ናቸው። እኛ ራሳችን አንድ ቀን ድንጋዩን እንደተገለበጠ ትተን ሄድን። በማግሥቱ ስንመለስ ስፍራው ባዶ ነበር። ተሰደዱ ወይስ አለቁ? ማወቅ አልቻልንም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን ይመዝግቡ፤ ይቁጠሩ፤ ከዚያም ድንጋዩን እንደነበረ ይመልሱ።