የቡቺ መደብ፦ ክብደት ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው የሚታወቀው በቅጥር ጠባቂነቱ ነው፤ ማደሪያው ደጅ፣ ሥራውም ሌሊት ነው። በእኛ ቤት ለዐሥር ዓመታት የኖረው ቡቺም ኑሮው ከዚህ የተለየ አልነበረም። የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያ በእርጅና ደርቆ መነሣት ሲያዳግተው ግን የአዲስ አበባ የኅዳር ብርድ እንዳይጎዳው በማሰብ ወደ ሳሎን አስገባነው። ብርዱ ቢቀርለትም ሌላ ችግር ተከተለ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ይነሣና መስኮቱ ላይ ለመንጠላጠል ይሞክራል፤ ሲያቅተውም ያላዝናል። ውሎ አድሮ ምግቡን መተው ጀመረ። የእንስሳት ሐኪም መርምሮት ከመገጣጠሚያው በቀር ሌላ ሕመም እንደሌለበት ነገረን። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን በር ማየት ተስኖት ስለ ነበር ከመስኮቱ ሥር መቀመጫ ልንሠራለት ወሰንን።

የመጀመሪያው መቀመጫ ለምን ወደቀ?

50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮምፔንሳቶ ቆርጠን፣ ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሁለት የብረት ማዕዘኖች ከግድግዳው ጋር አያያዝነው። ቡቺ 20 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 20 ኪሎ ጤፍ በከረጢት ጭነን ሞከርን፤ መቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ቡቺን አቅፈን አወጣነው። ሰው ወደ ሳሎን ሲገባ ግን ዘወር ብሎ ወደ ጠርዙ ተራመደ። በዚያው ቅጽበት ብሎኖቹ ከነፊሸራቸው ተነቅለው ጣውላውም ቡቺም ወለሉ ላይ ወደቁ።

ስሕተታችን ከክብደቱ ሳይሆን ክብደቱ ካረፈበት ቦታ ላይ ነበር። አንድ ጭነት ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው የማዞር ጉልበት የሚገኘው ክብደቱ ከግድግዳው ባለው ርቀት ሲባዛ ነው። ጤፉ ያረፈው ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ክብደቱ 200 ኒውተን ገደማ ስለሆነ 30 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ይፈጥራል። ይህን በ10 ሴንቲ ሜትር የማዕዘን ቁመት ብናካፍለው የላይኞቹ ብሎኖች በድምሩ 300 ኒውተን በሚሆን ኃይል እንደተሳቡ እንረዳለን። ቡቺ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ጠርዙ ላይ ሲቆም ግን ይኸው ኃይል 1000 ኒውተን፣ ማለትም የአንድ ኩንታል ክብደት ያህል ይሆናል። ድንገት ያረፈ ጭነት ደግሞ በዝግታ ከተጫነው እስከ ሁለት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ሊያሳድር ይችላል። ውስጡ ባዶ የሆነ የብሎኬት ግድግዳ ይህን ሊሸከም አልቻለም።

ቡቺ አልተጎዳም፤ ነገር ግን ለሁለት ሳምንታት ወደ መስኮቱ አልቀረበም።

ከመደብ የተገኘ ትምህርት

የገጠር ቤታችን መደብ በግድግዳ ላይ አይንጠለጠልም፤ ከወለሉ ተነሥቶ ስለሚገነባ የተቀማጩ ክብደት በቀጥታ ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለተኛውን መቀመጫ በዚህ መርሕ አራት የባሕር ዛፍ እግሮች አቆምንለት። ከግድግዳው ጋር ያሰርነውም እንዳይገለበጥ ብቻ ነው።

የመስኮቱ ደፍ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው ቡቺ ተኝቶም እንዲያይ መቀመጫውን 60 ሴንቲ ሜትር አደረግነው። 20 ኪሎ ግራም ከዚህ ከፍታ ሲዘል መገጣጠሚያዎቹ 120 ጁል ያህል ጉልበት በአንድ ጊዜ ሊቀበሉ ነው። ሁለት ደረጃዎች ስንጨምርበት ግን በየእርምጃው የሚደርሰው 40 ጁል ብቻ ይሆናል። መዳፉ እንዳያንሸራትተውም ደረጃዎቹን በአሮጌ ምንጣፍ ሸፈንናቸው።

ከመስታወቱ ወዲያ ምን ይታየዋል?

ጄይ ኒትዝ፣ ቲሞቲ ጋይስትና ጄራልድ ጃኮብስ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ውሻ ቀለም የሚለየው በሁለት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሳት መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህም ሰማያዊንና ቢጫን ሲለይ ቀይና አረንጓዴ ይምታቱበታል። የእይታው ጥራትም ከእኛ ያነሰ ነው፤ እኛ ከ23 ሜትር ርቀት ለይተን የምናየውን እርሱ ለማየት ወደ 6 ሜትር መቅረብ እንደሚያስፈልገው ይገመታል። እንቅስቃሴን ግን ፈጥኖ ያያል። የቀረውን ጆሮውና አፍንጫው ስለሚሞሉለት ፍርግርግ ያለውን መስኮት በአራት ጣት ያህል ገርበብ አድርገን እንተወዋለን።

ፀሐይንም መዘንጋት አይገባም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ደቡብ የሚያየው መስኮታችንም በበጋ ብርሃኗን ይቀበላል። መስታወት ብርሃኑን አስገብቶ ሙቀቱን ያግታል። የውሻ የላብ ዕጢዎች በዋናነት የሚገኙት በመዳፎቹ ላይ በመሆኑ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ስለዚህ የመቀመጫውን እኩሌታ በመጋረጃ አጠለልነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በየደረጃው ቁራሽ ዳቦ እያስቀመጥን ስናባብለው ቡቺ ራሱ ወጣ። ምግቡንም መብላት ጀመረ። ዛሬ በሩ ሲከፈት እንደ ቀድሞው አይጮኽም፤ ጭራው ጣውላውን ሲመታ ግን ከማድ ቤት ድረስ ይሰማል።

ውድ አንባቢያን፣ ለአረጀ ውሻችሁ ተመሳሳይ መቀመጫ ለመሥራት ካሰባችሁ የመሞከሪያውን ጭነት ከግድግዳው አጠገብ ሳይሆን ከጠርዙ ላይ አኑሩት፤ መጠኑንም ከውሻው ክብደት እጥፍ አድርጉት።