የከሰል ካውያና የቤተሰብ ደኅንነት

ነገ ማለዳ ለሰልፍ የሚለበሰው ዩኒፎርም ዛሬ ማታ በየቤታችን ይተኮሳል። መብራት በሌለበት ሰፈር ይህን ሥራ የሚወጣው የከሰል ካውያ ነው። ካውያው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ እንደሆነ ሙቀትን አጥብቆ ይይዛል፤ ሆኖም እርጥበትና ድንገተኛ ቅዝቃዜ ጠላቶቹ ናቸው።

አመድ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ካውያው ውስጥ ሲያድር ብረቱን ለዝገት ይዳርጋል፤ ዝገቱም በልብሱ ላይ ይታተማል። በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስበት ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ካውያው በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ አመዱን መጥረግ፣ የዛገውን ገጽ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማሸትና በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይገባል። ዳግመኛ ከመተኮስ በፊትም በአሮጌ ጨርቅ ላይ መሞከር ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ሊዘነጋ የማይገባው ግን የሰው ሕይወት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የምትተኩሰውን እናትና አጠገቧ የተኛውን ሕፃን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ መተኮሱም በበረንዳ ላይ ይሁን። ብርዱ ቢበረታም ፍሙ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ። ራስ ምታት ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ሳይዘገይ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሕክምናም ያግኝ።

ዩኒፎርሙን የሚለብሰው ወታደርም ፍሙን ማውጣትና አመዱን መድፋት የራሱ ግዴታ መሆኑን ይወቅ።