ፍላሹ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

በምረቃ ሰሞን የማኅበራችን የፎቶግራፍ ክፍል የሚያገኘው ገንዘብ ለዚህች መጽሔት ወረቀት መግዣ እንደሚውል አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የምረቃው ግብዣ ደግሞ በማታ ስለሆነ ያለ ፍላሽ ደህና ፎቶግራፍ ማንሣት አይቻልም። ያለን ፍላሽ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ዘንድሮ መታመም ጀምሯል። በኮሚቴው ስብሰባ ግማሹ «ይጠገን»፣ ግማሹ «ተጥሎ አዲስ ይገዛ» እያለ ሲከራከር በሽታው ከምኑ ላይ እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። በእኛ አስተያየት ክርክሩ መጀመር የነበረበት ከዚሁ ነው።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች ከሽቦ ይልቅ ለግጥም የምንቀርብ ብንሆንም ነገሩ የሚከብድ አይደለም። 4 የባትሪ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት እየሰጡ በድምሩ 6 ቮልት ይሆናሉ። ይህ ብቻውን ብልጭታ ስለማያወጣ በፍላሹ ውስጥ ያለው መሣሪያ ወደ 300 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ ካፓሲተር በሚባለው ዕቃ ያጠራቅመዋል፤ አሮጌ ፍላሽ ሲበራ የሚሰማው ቀጭን የትንኝ ድምፅ የዚሁ ሥራ ድምፅ ነው። ካፓሲተሩ ሲሞላ ትንሿ መብራት ትበራለች። ካሜራው ሲያነሣ ብዙ ሺህ ቮልት ያለው ቅጽበታዊ ምት ዜኖን የተባለውን ጋዝ የያዘውን የመስተዋት ቱቦ ይቀሰቅሰዋል፤ የተጠራቀመውም ኃይል በአንድ አፍታ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ይህን ዓይነቱን መብራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1931 ጀምሮ ለፎቶግራፍ ያዋለው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን ነው።

እንግዲህ ፍላሹ ሲበራ ድምፅም መብራትም ከሌለው መጀመሪያ የድንጋዩን ቤት ከፍቶ ማየት ነው። ተረስቶ የከረመ ድንጋይ ያፈስና በብረቱ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይጋግራል። ይህንን ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ በነካ ጥጥ መጥረግ፣ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀትም ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። ለአንድ ሎሚ ሥራ አዲስ ፍላሽ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይደለምን?

በራሱ መሞከሪያ ሲጫኑት ብልጭ እያለ ካሜራው ላይ ሲሆን እምቢ የሚል ከሆነም ጥፋቱ ከመገናኛው ወይም ከካሜራው ነው። ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች ድምፅ እንዳያሰሙ ተደርገው ሲያነሡ ፍላሹን ዝም ያሰኙታል፤ ወደ ጠጋኝ ከመሮጥ በፊት ይህን ማየት ነው።

የእኛው ፍላሽ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ለመሙላት እጅግ ይዘገያል። ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ስለ ከረመ ካፓሲተሩ ሳይደክም አልቀረም። እንዲህ ያለውን አዲስ ድንጋይ አግብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ በራ መተው፣ ከዚያም ደጋግሞ ብልጭ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። መብራቷ በርታ በመሞከሪያውም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ቱቦው ወይም የመቀስቀሻው ክፍል ስለሚጠረጠር ተስፋችን የመነመነ ይሆን ነበር።

እስከዚህ ያለውን ማንም ሊሞክረው ይችላል። ነገር ግን ካቻቢቴ ይዞ ፍላሹን መፍታት የተከለከለ ይሁን። ድንጋዩ ከወጣ በኋላ እንኳ ካፓሲተሩ ኃይሉን ይዞ ስለሚቆይ ሰው ሊገድል ይችላል። ይህ ሥራ ለሚያውቀው ጠጋኝ ይተው።

ጠጋኙ የሚጠይቀው ዋጋ ደህና ያገለገለ ፍላሽ ከሚያወጣው ግማሹን ካለፈ ግን እኛ ከሚለወጥ ወገን ነን፤ ካፓሲተሩ ቢታደስ ቱቦውም በዕድሜ እኩያው ነውና። ለመለወጥ ስንወጣም ርካሹን አሮጌ ፍላሽ ዓይናችንን ጨፍነን አንግዛ። ከቀድሞዎቹ አንዳንዶቹ በካሜራው መገናኛ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ያሳርፋሉ። የድሮ የፊልም ካሜራ ይህን ሊችለው ይችላል፤ ዲጂታሉን ግን ሊያቃጥለው ይችላል። ለአንዳንድ ካሜራዎች የተፈቀደው 6 ቮልት ብቻ ነው። የምንጠቀምበት ካሜራ ደግሞ የተዋስነው መሆኑ አይዘንጋ።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፦ በመጪው ቅዳሜ በአዲስ ድንጋይ ይሞከር፤ ካልዳነ ጠጋኝ ዋጋውን ይናገር፤ የሚገዛ ከሆነም ሻጩ ፊት ሞልቶ በቴስተር ሳይለካ ገንዘብ አይከፈል።