ለተንከባካቢ ድርጅቶች የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ስለ መምረጥ

በክፍለ ከተማችን በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስና ከጎፋ ጀምሮ እስከ መካኒሳና ጀሞ ድረስ፣ ከንግድ ሥራቸው ሌላ አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ በቦርድ አባልነት ወይም በገንዘብ ረጂነት የሚያገለግሉ ነጋዴዎች አሉ። እንዲህ ያለው ድርጅት የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ፣ በዛሬው አጠራር የሰው ሀብት ሥራ አስኪያጅ፣ ለመቅጠር ባሰበ ጊዜ፣ ነጋዴ ሰው መርጦ ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን ምክር የሚጠየቀው እርሱ ነው። ነገር ግን ለመጋዘን ሰው መምረጥና ለሕሙማን ቤት ሰው መምረጥ አንድ አይደለም። ልዩነቱንም ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

በመጋዘን የጎደለ ዕቃ በቆጠራ ይታወቃል። በተንከባካቢ ድርጅት ግን የጎደለው የሌሊት ተረኛ እንደሆነ፣ ጉድለቱን የሚያውቀው ከአልጋው መነሣት የማይችል አረጋዊ ብቻ ነው፤ እርሱም ለመናገር ዐቅም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ተንከባካቢውን የሚቀጥር፣ ተራውን የሚደለድልና አቤቱታውን የሚሰማ ሰው፣ የደካማው ሰው ደኅንነት በእጁ ነው ማለት ይቻላል።

በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚለው ቃሉ በመላው ኢትዮጵያ ታውቋል። ማእከሉ በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ረዳት ያጡ ወገኖችን ይጦራል። ቃሉ እውነት ነው፤ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን ይበቃል። ይሁን እንጂ ረጂዎቹ በበዙ ቁጥር፣ እነርሱ ራሳቸው እንዳይደክሙና እንዳይበደሉ ከቅን ልቡና በተጨማሪ ሥርዓት ያስፈልጋል። ይህንንም ዕድራችን አስቀድሞ ያስተማረን ነው፤ ዕድር በርኅራኄ ይቋቋማል፣ ነገር ግን ጸንቶ የሚኖረው መተዳደሪያ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ስላለው ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሰው በመጀመሪያ ሕግ ዐዋቂ ሊሆን ይገባዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የመደበኛውን ሥራ ልክ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል። ከዚህ በላይ ለተሠራው ትርፍ ሰዓት፣ በቀን ክፍል ቢሆን የመደበኛው ክፍያ በአንድ ተኩል፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሆን በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ለምሳሌ የሰዓት ደመወዟ 40 ብር የሆነ ተንከባካቢ፣ በሌሊት ለሠራችው አንድ ትርፍ ሰዓት 70 ብር፣ በመስቀል በዓል ቀን ለሠራችው 100 ብር ይገባታል። ነፍሰ ጡርን በሌሊትም ሆነ በትርፍ ሰዓት ማሠራትም የተከለከለ ነው። ሕሙማን በበዓልም በሌሊትም ጠባቂ ስለሚሹ፣ ይህን ሒሳብ የማያውቅ ኃላፊ ወይ ሠራተኛውን ይበድላል፣ ወይ ድርጅቱን ለክስ ያጋልጣል።

ሁለተኛው የሚፈለገው ነገር ጠባይ ነው፤ ጠባይ ደግሞ ከምስክር ወረቀት ላይ አይነበብም። ስለዚህ ለእጩው አስቸጋሪ ጉዳዮችን አቅርቦ መልሱን መስማት ይጠቅማል። «አንዲት ሠራተኛ ባልደረባዋ በሽተኛ ሲመታ አየሁ ብትልዎ፣ በዚያው ቀን ምን ያደርጋሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ በሽተኛውን አስቀድሞ ከጉዳት የሚያርቅ፣ ቀጥሎም ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ቃላቸውን በጽሑፍ የሚይዝ ሰው የታመነ ነው። የድርጅቱን ስም ለመጠበቅ ሲል ነገሩን ለመሸፈን የሚፈጥን ግን፣ ዲግሪው የቱን ያህል ቢበዛ ሊመረጥ አይገባውም። ከዚህም በላይ እጩው አንድ ምሽት ከተረኞች ጋር እንዲቆይ ቢደረግ፣ የመረጠውን ሥራ እርሱም ያውቃል፣ ቦርዱም እርሱን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀትና ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ዋስ ለጠፋ ገንዘብ እንጂ ለተጎዳ ሰው አይበቃም። ስለዚህ ስለ እጩው ከቀድሞ አለቃው ብቻ ሳይሆን፣ ከእርሱ በታች ይሠሩ ከነበሩትም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ውሉ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው በአዋጁ አነጋገር «የሥራ መሪ» ስለሚባል፣ ለሌሎቹ ሠራተኞች የሚያስከብረው አዋጅ እርሱን ራሱን አይመለከተውም፤ ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ምክንያት የሙከራው ጊዜ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ የመሰናበቻው ማስጠንቀቂያና ክፍያው በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፉ፣ በኋላ ጠብን ይወልዳሉ።

አንዳንድ የቦርድ አባላት፣ ለዚህ ኃላፊ የሚከፈለው ደመወዝ ከሕሙማኑ አፍ የተነጠቀ ይመስላቸዋል። አሳባቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113፣ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝም የሚቆጠረው ከዚሁ ውስጥ ነው። ነገር ግን የሰለጠነ ተንከባካቢ በየጥቂት ወሩ ሲለቅ፣ አዲሱን ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብና በመካከሉ የሚታጣው ጥበቃ በደመወዝ መዝገብ ላይ ባይታይም ኪሳራ ነው። ሠራተኞቹ ጥቂት የሆኑበት ድርጅት ግን ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ኃላፊ ላያስፈልገው ይችላል፤ ሥራውን ከቦርዱ ለአንዱ በጽሑፍ መስጠት፣ ወይም ከጎረቤት ድርጅት ጋር ተስማምቶ አንድን ባለሙያ በየተራ መጠቀም ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሕሙማንን የሚጠብቁትን ሠራተኞች የሚጠብቅ ሰው መምረጥ፣ ለሕሙማኑ ምግብና መድኃኒት ከመግዛት የማያንስ ርዳታ መሆኑን ነው። ገንዘቡን የሚሰጥ ነጋዴም ለዚህ ምርጫ ጊዜውን ጭምር ቢሰጥ፣ የለገሰው ገንዘብ ለታለመለት ሰው መድረሱን ያረጋግጣል።